የፍትሕ ሚኒስትር በሕግና በፖለቲካ መካከል

በጥንቱ ዘመን በአገራችን ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ሌላው ካለበት ቦታ ንቅንቅ አይልም ነበር። ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያቆማቸው ዘበኛ አልነበረም፤ ሕግ ከሁለታቸውም በላይ ነው የሚለው እምነት ነበር እንጂ። ይህን እምነት ለመገንባት ብዙ ትውልድ ይፈጃል፤ ለማፍረስ ግን አንድ ነገር ይበቃል። እርሱም ሕግ ለባለሥልጣን ወዳጅ አንድ ዐይነት፣ ለባላጋራው ሌላ ዐይነት ሆኖ መታየቱ ነው።

እኔም ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ርእስ የመረጥሁት ስለዚህ ነው። በክፍላችን ስለ ሕግ አውጪው፣ ስለ ሕግ አስፈጻሚውና ስለ ሕግ ተርጓሚው ስንማር እያንዳንዱ በየድንበሩ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ መስሎ ይታየናል። ዳሩ ግን ከሚኒስትሮች መካከል አንዱ፣ ማለት የፍትሕ ሚኒስትሩ፣ ልክ በድንበሩ ላይ የቆመ ሰው ነው። አንድ እግሩ በፖለቲካ፣ ሌላው እግሩ በሕግ ላይ ነው። ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው ሲስቡት ይህ ሰው ምን ያደርጋል? ብለን ብንጠይቅ መልሱን ከቃላት ትርጓሜ ይልቅ በእውነት ከደረሱ ነገሮች እናገኘዋለን። ስለዚህ ከሦስት አገሮች ሦስት ታሪኮችን አቀርባለሁ፤ ቀጥሎም የአገራችንን ነገር እመለከታለሁ። ስለ አገራችን ከሚናገረው ክፍል በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ጠባይ

አስቀድመን የፍትሕ ሚኒስትር ሥራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በብዙ አገሮች ሁለት ሥራዎች በዚህ ሰው እጅ ይገናኛሉ። አንደኛው የፖለቲካ ሥራ ነው፤ ይኸውም አዳዲስ ሕጎችን ማስረቀቅ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ተቀምጦ ከባልንጀሮቹ ጋር መምከር፣ መንግሥቱ የቈረጠውንም ነገር በፓርላማ ፊት መደገፍ ነው። በዚህ ሥራው ለመንግሥቱ መሪ ታማኝ መሆን ይገባዋል፤ ካልተስማማም ሥራውን ይለቃል። ሁለተኛው የሕግ ሥራ ነው፤ ይኸውም ለመንግሥቱ የሕግ ምክር መስጠትና የዐቃብያነ ሕግ የበላይ ሆኖ ማን እንዲከሰስ፣ ማንስ እንዳይከሰስ መወሰን ነው። በዚህኛው ሥራው ታማኝነቱ ለሰው ሳይሆን ለሕግ ብቻ ነው። የአገራችን ሰው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል። የፍትሕ ሚኒስትር ግን በሹመቱ ቀን ሁለቱንም ዛፎች እንዲወጣ ይታዘዛል።

አንባቢ ሆይ፣ «ፍርድ የሚሰጠው ዳኛው ነው፤ እንግዲህ ሚኒስትሩ ቢያዳላ ምን ይጎዳል?» ትል ይሆናል። ነገር ግን ዳኛ የሚፈርደው በፊቱ በቀረበለት ነገር ብቻ ነው። ያልተከሰሰን ሰው ሊቀጣ አይችልም። ስለዚህ የችሎቱን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው፣ ራሱ ፍርድ ባይሰጥም፣ የፍርዱን እኩሌታ በእጁ ይዟል ማለት ነው። ደግሞም አንድ ንጹሕ ሰው በጥላቻ ተከሶ በመጨረሻ ነጻ ቢወጣ እንኳ የታሰረበትን ቀን፣ ያወጣውን ገንዘብና የጐደፈውን ስሙን የሚመልስለት የለም።

ከእንግሊዝ አገር የተገኘ ትምህርት

በ1924 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራተኛው ፓርቲ መንግሥት አቋቋመ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር ራምሴ ማክዶናልድ ነበሩ። ፓርቲያቸው በፓርላማው ውስጥ የብዙኀኑን ወንበር ስላልያዘ መንግሥቱ የሚቆመው በሌሎች ድጋፍ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር አንድ የኮሙኒስቶች ጋዜጣ ወታደሮች በሠራተኛ ወገኖቻቸው ላይ እንዳይተኩሱ የሚያሳስብ ደብዳቤ አወጣ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሰር ፓትሪክ ሄስቲንግስም ይህ ወታደርን ለዐመፅ ማነሣሣት ነው በማለት የጋዜጣው ተጠባባቂ አዘጋጅ ጆን ካምቤል በ1797 ዓ.ም. በወጣ ሕግ እንዲከሰስ ፈቀዱ። ካምቤልም ተያዘ።

ወዲያው ከመንግሥቱ ፓርቲ የሆኑ የፓርላማ አባሎች ተቈጡ። ካምቤል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቈሰለና ስለ ጀግንነቱ የተሸለመ ወታደር ነበረ፤ የጋዜጣው አዘጋጅነትም የተሰጠው ለጊዜው ብቻ ነበረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተሰብስቦ በነገሩ ተነጋገረበት። ፖለቲካ ነክ የሆነ ክስ ሁሉ አስቀድሞ የምክር ቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር የሚል ውሳኔም በቃለ ጉባኤው ገባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ክሱ ተነሣ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ክሱ መነሣቱ በራሱ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር፤ ለአገሩ ቈስሎ የተሸለመን ሰው የጦር ሠራዊት ጠላት አድርጎ ማስረዳት ቀላል አይደለምና። ዳሩ ግን የሕዝቡ ጥያቄ «ክሱ ለምን ተነሣ?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ያስነሣው ማን ነው? ሕግ ዐዋቂው ወይስ ፓርቲው?» የሚል ነበር እንጂ። ኦክቶበር 8 ቀን ፓርላማው ነገሩ በኮሚቴ እንዲመረመር በ364 ድምፅ በ198 ላይ ወሰነ። መንግሥቱ ይህን እንደ መሸነፍ ስለ ቈጠረው ፓርላማው ተበተነ፤ በዚያው ወር መጨረሻ በተደረገው ምርጫም ሥልጣኑን አጣ። ተከትሎ የመጣውም መንግሥት ያን የምክር ቤት ውሳኔ ሻረው። እንግዲህ አንድ መንግሥት የወደቀው፣ ሌላ ምክንያት ቢኖረውም፣ በአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ክስ ተሰናክሎ ነው ማለት ይቻላል።

ከ27 ዓመት በኋላ፣ ጃኑዋሪ 29 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሰር ሃርትሊ ሾክሮስ በፓርላማ ተነሥተው የዚህን ሥራ መመሪያ አስረዱ። እኚህ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ ችሎት የእንግሊዝ ዋና ከሳሽ የነበሩ ናቸው። የንግግራቸውን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር እንደሚከተለው ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ክስ ለሕዝብ የሚያመጣውን ጥቅምና ጉዳት ለማወቅ ባልንጀሮቹን ሚኒስትሮች ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ግዴታ የለበትም።

2ኛ. ሚኒስትሮቹ የሚያውቁትን ይነግሩታል እንጂ ምን እንዲወስን አያዝዙትም።

3ኛ. ውሳኔው የእርሱ ብቻ ነው፤ ኀላፊነቱንም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሊጥለው አይችልም።

4ኛ. ውሳኔው ለፓርቲው ወይም ለመንግሥቱ የሚያተርፈው የፖለቲካ ዕድል በሐሳቡ ሊገባ አይገባም።

ይህን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ መጥቶ «ይህ ሰው በችሎት ቢከሰስ የአገራችን ምሥጢር ይገለጣል» ቢለው የሕዝብ ጥቅም ነውና ሊሰማው ይገባል። ነገር ግን «ይህ ሰው ቢከሰስ በሚመጣው ምርጫ ድምፅ እናጣለን» ቢለው ጆሮውን ሊዘጋ ይገባዋል። መመሪያው እንዲህ አጭር ነው። የሚያስቸግረው ግን የፓርቲ ጥቅም ብዙ ጊዜ የሕዝብ ጥቅምን ካባ ለብሶ መምጣቱ ነው። የሚቀጥሉት ሁለት ታሪኮች የሚያሳዩን ይህንኑ ነው።

የቅዳሜው ማታ ትእዛዝ በአሜሪካ

በአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የፍትሕ ሚኒስቴሩም የበላይ ነው። የሚሾመው በፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው ግን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ነው። ጁን 17 ቀን 1972 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ዋተርጌት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ወደሚገኘው የዴሞክራቶች ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች ተያዙ። ነገሩ ሲመረመር ክሩ ወደ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቤተ መንግሥት እየተሳበ መጣ። በ1973 ዓ.ም. በሜይ ወር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው የተሾሙት ሚስተር ኤልየት ሪቻርድሰን፣ ነገሩን የሚከታተል ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንደሚሾሙና በሥራው ማንም እንዳይገባበት እንደሚጠብቁ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቃል ሰጡ። ለዚህም ሥራ በሃርቫርድ ያስተማሯቸውን የሕግ ሊቅ ሚስተር አርቺባልድ ኮክስን ሾሙ።

በጁላይ ወር ፕሬዚዳንቱ በቢሯቸው የሚነጋገሩት ሁሉ በቴፕ ይቀዳ እንደ ነበረ ተገለጠ። ኮክስ ቴፖቹ እንዲቀርቡላቸው ጠየቁ፤ ኒክሰን አልሰጥም አሉ። ኦክቶበር 20 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ፕሬዚዳንቱ ኮክስን ከሥራ እንዲያስወግዱ ሪቻርድሰንን አዘዟቸው። በዚያን ጊዜ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ነበረ። ስለዚህ ኒክሰን የአገር ጥቅም ከግል ቃል ኪዳን ይበልጣል የሚል ምክንያት አቀረቡላቸው። ሪቻርድሰን ግን የአገር ጥቅም የሚታያቸው በሌላ መንገድ መሆኑን ገልጸው ሥራቸውን ለቀቁ። ምክትላቸው ሚስተር ዊልያም ራክልስሃውስም ትእዛዙን አልፈጽምም ብለው ከሥራቸው ወጡ። በማዕርግ ሦስተኛ የነበሩት ሚስተር ሮበርት ቦርክ ትእዛዙን ፈጸሙ። በኖቬምበር ወር ግን አንድ የፌዴራል ዳኛ ኮክስ የተወገዱት ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈረደ።

የአሜሪካ ሕዝብ በዚያ ቅዳሜ ማታ በሆነው ነገር እጅግ ስለ ተቈጣ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ሚስተር ሊዮን ጃዎርስኪ፣ መሾም ግድ ሆነ። ጁላይ 24 ቀን 1974 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቴፖቹ እንዲሰጡ 8 ለ0 በሆነ ድምፅ ፈረደ። ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ኦገስት 9 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሌላ ሰው እናገኛለን። ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሚስተር ጆን ሚቸል ከዚያ ወንበር ተነሥተው በቀጥታ የኒክሰንን የምርጫ ዘመቻ መሩ። በዋተርጌት ነገር ተከሰው በ1975 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ በኋላም ወህኒ ቤት ገቡ። ሁለቱ ሰዎች የተቀመጡበት ወንበር አንድ ነበረ፤ ሁለቱንም የሾማቸው ሰው አንድ ነበረ፤ ሕጉም አንድ ነበረ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ወንበሩ ብቻውን ሰውን ቀጥተኛ አያደርገውም።

የካናዳው ኩባንያ ነገር

በካናዳ የፍትሕ ሚኒስትሩና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ወይዘሮ ጆዲ ዊልሰን-ሬይቦልድ ለዚህ ሥራ ተሾሙ፤ ከአገሩ ጥንታውያን ነገዶች ለዚህ ማዕርግ ሲበቃ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ኤስኤንሲ-ላቫሊን የሚባለው በሞንትሪያል ከተማ የሚገኝ ታላቅ የምሕንድስና ኩባንያ በሊቢያ ለባለሥልጣኖች ጉቦ ሰጥቷል በመባል ተከሶ ነበር። በ2018 ዓ.ም. የወጣ አዲስ ሕግ አንድ ኩባንያ ጥፋቱን አምኖና ገንዘብ ከፍሎ ከክርክር እንዲድን የሚያስችል የስምምነት በር ከፈተ። ሆኖም የዐቃብያነ ሕግ ዲሬክተሯ በሴፕቴምበር 2018 ዓ.ም. ለዚህ ኩባንያ ይህ ዕድል እንዳይሰጠው ወሰኑ። ሚኒስትሯ ይህን ውሳኔ በሕግ መለወጥ ይችሉ ነበር፤ ነገሩን ተመልክተው ግን አልለወጡትም።

ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚስተር ጀስቲን ትሩዶ ሰዎች እየደጋገሙ አነጋገሯቸው። የሚቀርበው ምክንያት 9,000 የሚያህሉ ሠራተኞች ሥራቸውን ያጣሉ የሚል ነበር። ወይዘሮዋ በኋላ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት እንደ መሰከሩት፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር የሚደረገው ምርጫም ተነሥቶባቸው ነበር። ይህን ከላይ ካየነው ከሾክሮስ መመሪያ ጋር እናስተያየው። የሠራተኛ እንጀራ የሕዝብ ጥቅም ነው፤ ምርጫ ግን የፓርቲ ነው። ደግሞም አዲሱ ሕግ ራሱ በውጭ አገር ባለሥልጣኖች ጉቦ ነገር ላይ የአገር የኢኮኖሚ ጥቅም እንዳይታሰብ ይከለክላል።

በጃኑዋሪ 2019 ዓ.ም. ወይዘሮዋ ወደ ሌላ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ በፌብሩዋሪ ወር ሥራቸውን ለቀቁ፤ በኤፕሪል ወር ከፓርቲው ምክር ቤት ቡድን ተወገዱ። በኦገስት ወር ግን የሥነ ምግባር ኮሚሽነሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥቅም ግጭትን የሚከለክለውን ሕግ መጣሳቸውን ገለጠ። በኦክቶበር ምርጫ ወይዘሮዋ ያለ ፓርቲ በግላቸው ተወዳድረው ወደ ፓርላማ ተመለሱ። በዲሴምበር ወርም የኩባንያው አንድ ክፍል የማታለል ወንጀል መፈጸሙን አምኖ 280 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራ ማዳን ግዴታቸው እንደ ነበረ ተከራክረዋል፤ ይህን ክርክር የሚደግፉም ሰዎች አልጠፉም። ነገር ግን አንድ ድሀ ሌባ «ብታሰር ልጆቼ ይራባሉ» ቢል በሩ የማይከፈትለት ከሆነ፣ ለትልቅ ኩባንያ በልዩ ትእዛዝ እንዲከፈት መጠየቅ ሕግን በሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል።

የአገራችንስ ነገር?

በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የተረከቡት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። አፈ ንጉሥ ማለት ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ታላቁ ዳኛ ማለት ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ ሚኒስትርነትና ዳኝነት በአንድ ሰው ላይ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ መሆናቸውን ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 79 ይህንኑ አጽንቷል።

ስለ ክስ ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 42 የደነገገው ነገር ለርእሳችን እጅግ ይጠቅመናል። ሕጉ እንደሚለው፣ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ክስ እንዳይቀርብ ዐቃቤ ሕጉን ሊያዝዝ ይችላል፤ ዳሩ ግን ትእዛዙ በፊርማው በጽሑፍ የተሰጠ መሆን አለበት። ይህች «በጽሑፍ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች። ሆኖም በስልክ የተነገረ ቃል ነፋስ ይወስደዋል፤ በፊርማ የተሰጠ ትእዛዝ ግን ባለቤት አለው። ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ማን እንዳዘዘ ይነበባል። በ2008 ዓ.ም. የፍትሕ ሚኒስቴር ቀርቶ ፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943 ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263 ሥራው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመለሰ። ከዚህ የምንረዳው ሁለቱን ሥራዎች እንዴት አድርጎ ማስቀመጥ እንደሚሻል ለእኛም አገር ያልተዘጋ ጥያቄ መሆኑን ነው።

መለየት ወይስ ማስተማመን?

አንዳንድ ሊቃውንት ሁለቱ ሥራዎች ለሁለት ሰዎች ይሰጡ ይላሉ። ክስ የሚወስነው ሰው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ካልተቀመጠ የሚጫነው አይኖርም ባዮች ናቸው። ሌሎች ደግሞ ይህን ይቃወማሉ። በ2019 ዓ.ም. በካናዳ ነገሩን እንዲያጠኑ የታዘዙት የቀድሞዋ የፍትሕ ሚኒስትር ወይዘሮ አን ማክሌላን ሁለቱ ሥራዎች እንዳይለያዩ መክረዋል። የዚህ ወገን አስተያየት፣ ሕግን የመጠበቅ አደራ ያለበት ሰው በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ፣ ሚኒስትሮቹ ሲሳሳቱ «ይህስ ሕግ አይፈቅደውም» የሚላቸው አይኖርም የሚል ነው። ደግሞም ለማንም የማይጠየቅ ከሳሽ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነው።

እኔ በበኩሌ ሁለቱን አስተያየቶች ከመዘንሁ በኋላ የደረስሁበት እንዲህ ነው። ሥራዎቹ ቢለያዩም ባይለያዩም ሦስት ነገሮች መኖር አለባቸው። ምክር ከትእዛዝ ተለይቶ ይታወቅ፤ ትእዛዝ ካለም በጽሑፍና በግልጽ ይሁን፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም ሰው ወንበሩን ለመልቀቅ የተዘጋጀ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሕግ አውጪ ሊደነግጋቸው ይችላል። ሦስተኛውን ግን በአዋጅ ማምጣት አይቻልም። እርሱ የሚገኘው በቤትና በትምህርት ቤት ነው። ወዳጁ ሲያጠፋ አይቶ «አላየሁም» የማይል የክፍል አለቃ፣ የማይወደውን ልጅ ስም ያለ ጥፋቱ የማይጽፍ ተማሪ ዛሬውኑ በዚህ ሥራ ልምምድ ላይ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. ሚስተር ቦርክ ትእዛዙን በመፈጸማቸው እናመስግናቸው ወይስ እንንቀፋቸው? ሁሉም ባለሥልጣኖች ቢለቁ ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ምን ይሆን ነበር?

2ኛ. የ9,000 ሠራተኞች እንጀራና የሕግ እኩልነት ቢጋጩ የቱ ይቅደም? ሠራተኞቹን ሳይጎዱ ኩባንያውን መቅጣት የሚቻልበት መንገድ አለን?

3ኛ. አንተ ወይም አንቺ የፍትሕ ሚኒስትር ብትሆኑ፣ የሾማችሁ ሰውም በስልክ ደውሎ «እገሌን ተወው» ቢል፣ የመጀመሪያ መልሳችሁ ምን ይሆናል?